ዳግማዊ ምኒልክና የመልእክት መንገድ



በዘንድሮው መጽሔታችን የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደናል። ዓድዋን ሁላችሁም በክፍል ተምራችኋል፤ በየካቲት ወርም አብረን እናከብራለን። ስለዚህ እዚህ የምንጽፈው በሌላ በኩል ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መልእክት ከቦታ ወደ ቦታ የሚደርስበትን ጊዜ ለማሳጠር ስለ ደከሙት ድካም ነው። ምክንያት አለን። ልጆቻችን በኮምፒውተር ትምህርት ኔትወርክ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ቃላቱ ይከብዷቸዋል። ነገሩ ግን አያቶቻችን ከሚያውቁት ከመልእክተኛ፣ ከደብዳቤና ከስልክ ሽቦ የራቀ አይደለም። ለየት አድርገን ካላመለከትን በቀር ዓመታቱን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ። እሳቸው ከመወለዳቸው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ሳሙኤል ሞርስ የተባለው አሜሪካዊ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በሽቦ መልእክት ልኮ ነበር። ሞርስ የላከው ድምፅ ወይም ጽሑፍ አልነበረም። አጭርና ረጅም ምት ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የምቶች ቅንብር ተሰጥቶታል፤ ተቀባዩም ምቱን መልሶ ወደ ፊደል ይለውጠዋል።

የዛሬው ኮምፒውተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምቶቹ ሁለት ናቸው፤ ዜሮና አንድ ብለን እንጠራቸዋለን፤ እያንዳንዳቸው ቢት ይባላሉ። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። በስልካችሁ ሀ ብላችሁ ስትልኩ፣ ዛሬ በኢንተርኔት በሰፊው በሚሠራበት አጻጻፍ፣ ያቺ አንዲት ፊደል 3 ባይት ወይም 24 ቢት ሆና ትጓዛለች። በመዳብ ሽቦ ብትሄድ ኤሌክትሪክ፣ በፋይበር ብትሄድ ብርሃን፣ በዋይፋይ ብትሄድ የሬዲዮ ሞገድ ይሸከማታል። ተሸካሚው ይለያያል እንጂ መልእክቱ አንድ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ በዚያው ሰሞን አባታቸው የሞቱባቸው የ11 ዓመቱ ልጅ ምኒልክ ተማርከው ሄዱ። አሥር ዓመት ያህል በምርኮ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1868 ዓ.ም. በአሜሪካ የስልክን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የተፈጸመው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚወስደውን መንገድ የማታውቁ ጥቂቶች ናችሁ። ከገላባት ማዶ ያለችው መተማ ላይ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ አረፉ። ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቷን አጣች፤ ዙፋኑም ባዶ ሆነ። ሆኖም ከመተማ እስከ ሸዋ አንድም ሽቦ አልነበረም። ወሬው በእግረኛና በፈረሰኛ፣ ወንዝና ተራራ እየተሻገረ ሸዋ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቀናት አልፈዋል። በእነዚያ ቀናት ግማሹ አገር ንጉሡ በሕይወት ያለ መስሎት ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። እንዲህ ሰፊ የሆነን አገር በእግረኛ ወሬ ብቻ መምራት ምን ያህል እንደሚከብድ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ የስልክ መሣሪያዎች ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በዚያው ዘመን ነው። ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዟቸው ይዘዋቸው እንደመጡ ይነገራል። ሰው ሳይታይ ድምፁ ሲሰማ የደነገጡና ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ እንደነበሩም በአፈ ታሪክ ይወራል። ንጉሡ ግን አልተመለሱም። ከ1871 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አብሯቸው የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የአገራችን ቴሌኮም ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በኋላ ሌላ መስመር ወደ ሰሜን፣ እስከ አስመራ ተዘረጋ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፤ ዝሆን ይገፋዋል፤ ሽቦውንም ለጌጥ የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ። የማንኛውም ኔትወርክ መሠረት የሚነካው፣ የሚቆፈረውና የሚተከለው ነገር ነው። ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ቢረቅ ኬብሉ ከተቆረጠ ሁሉም ይቆማል።

በዚያ የስልክ ሽቦ ላይ አንድ ሰው ሲናገር መስመሩ የእሱ ነው፤ ሌላው ይጠብቃል። የኮምፒውተር ኔትወርክ ግን እንደዚህ አይሠራም። እሱ ይበልጥ የሚመስለው ሌላውን የምኒልክ ሥራ፣ ፖስታን ነው። በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ፤ ምስላቸው ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ፖስታ ቤት የሚሠራው በአድራሻ ነው። አመላላሹ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን አያነብም፤ ላዩን አይቶ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያሳልፈዋል።

ኮምፒውተርም መልእክቱን በአንድ ጊዜ አይልከውም። ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይቆራርጠዋል፤ አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። በእያንዳንዱ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይጽፋል፤ በቅደም ተከተልም ቁጥር ይሰጠዋል። ይህ አይፒ አድራሻ የሚባለው ነው፤ በተለመደው ዓይነት ከ0 እስከ 255 ያሉ አራት ቁጥሮች በነጥብ ተለያይተው ይጻፋሉ። በአንድ ክፍል ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ዕቃ ስዊች ይባላል። ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ደግሞ ራውተር ነው፤ እንደ ፖስታ ጣቢያ አድራሻውን አይቶ ቀጣዩን መንገድ ይመርጣል። ፓኬቶቹ በተለያየ መንገድ ሄደው ተዘበራርቀው ቢደርሱ ተቀባዩ በቁጥራቸው ይደረድራቸዋል፤ የጠፋ ካለም እንደገና እንዲላክ ይጠይቃል። ላኪና ተቀባይ የሚስማሙበት ይህ ሁሉ ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። ደንቡ ባይኖር አንዱ በአማርኛ ሌላው በዓረብኛ እየተናገሩ እንደማይግባቡ ሁለት ሰዎች ይሆኑ ነበር።

ኔትወርክ ግን እውነትን አያመርትም፤ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ። ለዚህ ዓድዋ ራሱ ምስክር ነው። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ሠራዊታቸውን የጠሩት በነጋሪትና በአዋጅ ነበር። ቴሌግራፍ የነበራቸው ጣሊያኖች ናቸው። የሮማው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በዚያ ሽቦ ጄኔራል ባራቲየሪን ይወቅሱትና ያቻኩሉት ነበር። ፈጣኑ ሽቦ ግፊትን በፍጥነት አደረሰ፤ ማስተዋልን ግን አላደረሰም። የካቲት 23 ቀን የሆነውን ታውቃላችሁ። ዛሬ በስልካችሁ የሚደርሳችሁ ወሬ ሁሉ በፍጥነት ስለመጣ ብቻ እውነት እንደማይሆን ከዚህ ተማሩ።

ከዓድዋ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሱዳን ወሰን ውል ተፈራረሙ፤ ዛሬ መተማና ገላባትን የሚለየው መስመር ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ስለ ምኒልክ የሚነገረው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም መሸሸግ አይገባንም። ሽቦው የሰላም ወሬን እንዳደረሰ ሁሉ የግብርና የዘመቻ ትእዛዝንም አድርሷል፤ በየአካባቢው ያለው ትዝታም ይለያያል። በትምህርት ቤታችን ከብዙ ወገን የመጡ ልጆች አሉን፤ ሁሉም የየቤታቸውን ታሪክ ይዘው ቢጠይቁ ደስ ይለናል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱን ሕመም ጣላቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። እረፍታቸው ግን ለሕዝብ ወዲያው አልተገለጸም። የዐፄ ዮሐንስ ሞት ሽቦ ስላልነበረ ዘገየ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሞት ደግሞ ሽቦ እያለ እንዲዘገይ ተደረገ። መስመር መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱን የያዘው ሰው ለመላክ መፍቀዱ ሌላ ነው።

ይህን ስንጽፍ የምናስበው ያለፈውን ዘመን ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ በስልክ ብቻ ተያይዞ ኖሯል። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ገዳሪፍ ያለ ሰው ካርቱም የቀረው ወንድሙ ይኑር አይኑር ማወቅ አልቻለም፤ በስልክ የሚላክ ገንዘብም ቆመ። ጥይት ያልደረሰበት ከተማ ሁሉ ዝም ያለው ዋና ዋና ማዕከሎቹ ካርቱም ስለነበሩ ነው። በምሥራቁ በኩል አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ፖርት ሱዳን ላይ ሌላ ማዕከል ከተዘጋጀ በኋላ ነው። መምህራን ስለ ኔትወርክ አሠራር ሲያስተምሩ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ኔትወርክ ደካማ ነው የሚሉት ይህን ነው። ሁለተኛ መንገድ ካለ ራውተሩ በዚያ ያዞረዋል፤ ከሌለ ግን ፓኬቱ መሄጃ ያጣል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በኮምፒውተር ክፍላችን ያለውን ስዊችና ራውተር ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ እወቁት፤ ኬብሉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ በወረቀት ሳሉት። ነገ በዚህ አካባቢ መስመር የሚዘረጉና የሚጠግኑ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ከመካከላችሁ እንዲወጡ እንሻለን። ሁለተኛ፣ የእናታችሁን፣ የአባታችሁንና የቅርብ ዘመዳችሁን ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ በደብተራችሁም ጻፉት። ስልኩ ሊጠፋ ይችላል፤ አድራሻው ግን ከጠፋ የሚያደርስ ሽቦ የለም። ወላጆችም በዚህ ክረምት ልጆቻችሁን ቁጥሩን አስጠንታችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እናሳስባለን።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።