ኦይለርና ጎባጣ ገጾች

ሌዎናርድ ኦይለር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 1707 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበሩ ልጃቸው የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተል ይመኙ ነበር። ይሁን እንጂ በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዮሐን ቤርኑሊ የተባለው ዕውቅ የሒሳብ ሊቅ ተሰጥዎውን ተመለከተ፤ የከበዱትን ጥያቄዎች ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲመጣም ፈቀደለት።

ኦይለር በ1727 ወደ ሩሲያ ሄዶ በሴንት ፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። በ1738 ገደማ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ከ1741 ጀምሮ 25 ዓመት በበርሊን ሠርቶ በ1766 ወደ ሴንት ፒተርስቡርግ ሲመለስ፣ ብዙም ሳይቆይ ግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ከዚያ ወዲያ የሚታየው በጠመኔ በጉልህ የተጻፈ ነገር ብቻ ነበር።

እናንተ ተማሪዎች፣ ቀጥሎ ያለውን በተለይ ልብ በሉ። የጎባጣ ነገሮችን ቅርጽ ለመመርመር ዓይን የግድ የሚያስፈልግ ይመስላል። ኦይለር ግን እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሳለ፣ ሳይቀደዱና ሳይለጠጡ በጠረጴዛ ላይ ሊዘረጉ የሚችሉት ገጾች የትኞቹ እንደ ሆኑ መረመረ። የተጠቀለለ ወረቀት ያለ ችግር ይዘረጋል፤ የብርቱካን ልጣጭ ግን እንደምታውቁት ይቀደዳል። በ1772 በታተመው በዚህ ጽሑፉ የገጹን ነጥቦች በሁለት ተለዋዋጭ ቁጥሮች ገለጸ። የምድርን ሉል አስቡ፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተባሉት ሁለት ቁጥሮች ከታወቁ የማንኛውም ቦታ ስፍራ ይታወቃል። እንደዚሁም የአንድ ነጥብ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ከሁለቱ ቁጥሮች በቀመር ይሰላሉ።

ዛሬ ኮምፒዩተር ጎባጣ ገጽን የሚሥለው በዚሁ መንገድ ነው። ቀመሮቹን ስትሰጡት ሁለቱን ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጠ ሦስቱን ልኬቶች ያሰላል፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ነጥቦች እንደ ዓሣ መረብ ያገናኛል፤ ሥዕሉንም በፈለጋችሁት አቅጣጫ ያዞርላችኋል። ኦይለር በ1744 ያጠናውን፣ ከሁለት ጫፍ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚሠራው መሥመር ሲሽከረከር የሚፈጠረውን ወገበ ቀጭን ገጽ በዚህ ዘዴ ማየት ትችላላችሁ። በሁለት ቀለበቶች መካከል የተወጠረ የሳሙና ውሃ የሚይዘውም ይህንኑ ቅርጽ ነው። ማሽኑ ድካሙን አቀለለው እንጂ ሐሳቡ የእርሱ አይደለም።

በ1771 የኦይለር ቤት በእሳት ተቃጠለ፤ እርሱን የአገሩ ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ አብዛኞቹ ጽሑፎቹም ተረፉ። በዚያው ዓመት ሐኪም ሞራውን ቢገፍፍለትም ብርሃኑ የቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። እርሱ ግን ስሌቱን በአእምሮው እየሠራ ለልጁና ለረዳቶቹ ያስጽፍ ነበር፤ ከ800 ከሚበልጡት ሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ የተዘጋጁት በዚህ መንገድ ነው።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ጥቂት ዓመታት ቀደም ብላ ስለ ተገኘችው ፕላኔት ስለ ኡራኑስ ምሕዋር ከረዳቱ ጋር ሲነጋገር ዋለ፤ በድንገትም ታመመና በ76 ዓመቱ ዐረፈ። አካዳሚው ሳይታተሙ የቀሩትን ጽሑፎቹን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲያትም ኖረ።