አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (ማርች 30 ቀን 1854 – ጃንዋሪ 7 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.) የዳግማዊ ምኒልክ መሐንዲስና የውጭ ጉዳይ አማካሪ የነበረ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ወደ ሸዋ የመጣው በእጅ ሥራ ባለሙያነት ሲሆን፣ ጠበንጃ ከመሥራት ተነሥቶ ድልድይ፣ የቧንቧ ውኃና የባቡር ሐዲድ እስከማቀድ ደርሷል። ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ከጅቡቲ አዲስ አበባ የምድር ባቡር ጋር ተያይዞ ነው፤ ሆኖም ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ኢልግ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ክፍለ ሀገር በምትገኘው ፍራውንፌልድ ከተማ ነው። በመጀመሪያ የእጅ ሙያ የተማረ ሲሆን፣ ቀጥሎም በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና አጥንቷል። ይህ ተቋም ዛሬ ኢ.ቴ.ሃ. ዙሪክ በሚባል ስም ይታወቃል። ሁለቱ ትምህርቶች በኋላ ለሥራው ጠቅመውታል፤ ሥዕልና ስሌት ብቻ ሳይሆን ብረት መሞረድና እንጨት መጥረብም ይችል ነበር።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓውያን ባለሙያዎች እንዲፈለጉላቸው በኤደን በነበረ የስዊዘርላንድ የንግድ ቤት በኩል ጠየቁ። ኢልግ ጥሪውን ተቀብሎ በ1878 ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር ጉዞ ጀመረ። የባሕሩ መንገድ ቀላል ቢሆንም፣ ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው የሚወስደው የበረሃ መንገድ ግመል፣ ስንቅ፣ መሪና የአካባቢ ባላባቶችን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አንኮበር የደረሱት በ1879 መጀመሪያ ነው። ኢልግ ያን ጊዜ ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የጠበንጃው ፈተና

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ምኒልክ እንግዳውን መጀመሪያ የፈተኑት ጫማ በማሠራት ነው። ጫማው ካማራቸው በኋላ ጠበንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ኢልግ ጠበንጃ ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት በአገር ውስጥ ከመሥራት በጣም እንደሚረክስ ቢያስረዳም፣ ንጉሡ ትእዛዛቸውን አላነሡም። ስለዚህ በእጅ መሣሪያዎችና በአገር አንጥረኞች እገዛ አንድ ጠበንጃ ሠርቶ አቀረበ። ምኒልክም በጣም ተደሰቱበት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለጨዋታ ያህል ነው። ቴክኒካዊ ጎኑ ሲታይ ግን ፈተናው ከባድ ነበር። በጠበንጃ ሥራ አስቸጋሪው ነገር ቅርጹን ማስመሰል አይደለም። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ በሙሉ ጥይቱን ወደ ፊት እንዲገፋ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሾልኮ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ጋዙ ካመለጠ ጥይቱ ኃይል ያጣል፤ ተኳሹም ፊቱን ሊቃጠል ይችላል። በጸደይ ኃይል በሚሠራ የአየር ጠበንጃ ውስጥ ያለው ፒስተን ዙሪያውን ጥብቅ ጎማ ወይም ቆዳ የሚለብሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ ከጎን ካመለጠ የጸደዩ ጉልበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በአፈሙዝ የሚጎረሰው አሮጌ ጠበንጃ የኋላ በሩ በብረት የተደፈነ ስለሆነ ይህ ችግር ብዙም አልነበረበትም። በምትኩ ሌላ ድክመት ነበረው፤ ባሩድና እርሳስ በዘንግ እየተጠቀጠቀ ስለሚጎረስ ተኩሱ ዘገምተኛ ነበር። ከኋላ የሚጎረሰው ጠበንጃ ፍጥነትን አመጣ፤ ነገር ግን ከኋላ የሚከፈት በር ስላለው ጋዙን የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋል። መፍትሔው የናስ ቀለህ ሆነ። ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ለቅጽበት ተለጥጦ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም ጋዙን ይዘጋል። ግፊቱ ሲበርድ መልሶ ስለሚሰበሰብ ወጥቶ ሊጣል ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ጠበንጃ የሚያሠራው ብረቱ ብቻ ሳይሆን በልኩ የተሠራው ቀለህ ጭምር ነው። ጎበዝ አንጥረኛ በወራት ድካም አንድ ጠበንጃ ቢሠራ እንኳ በሺህ የሚቆጠር አንድ ዓይነት ቀለህ በእጁ ሊያወጣ አይችልም። ኢልግ መግዛት ይሻላል ያለበት ምክንያት ከዚህ ጋር ይሄዳል።

የተለወጡ ጠበንጃዎች ዘመን

በዚያን ጊዜ አውሮፓ አሮጌ ጠበንጃዎቿን ትለውጥ ነበር። እንግሊዞች በ1866 በአፈሙዝ የሚጎረሰውን የኤንፊልድ ጠበንጃ የኋላ ክፍል ቆርጠው ወደ ጎን የሚከፈት በር ገጠሙለት። ዘዴው በአሜሪካዊው ጃኮብ ስናይደር ስም ይጠራል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የያዘው ይህንኑ መሣሪያ ነበር። ጠበንጃው በኢትዮጵያ ስናድር ተብሎ ስሙ በቋንቋው ውስጥ ቀረ። በኋላ የመጣው የ1874 ሞዴል የፈረንሳይ ግራ ጠበንጃ ደግሞ በፈረንሳይኛ ፉዚል ግራ ከመባሉ የተነሣ ውጅግራ ሆነ።

አውሮፓ የጣለችው መሣሪያ በነጋዴዎች እጅ ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር። ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1887 መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ጠበንጃዎችን በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ አስገባ። መሣሪያዎቹ ፈረንሳዮች የፒስቶን ጠበንጃ የሚሏቸው፣ በካፕሱል የሚቀጣጠሉ አሮጌ ዓይነቶች ነበሩ፤ በአውሮፓ ዋጋቸው እጅግ የወረደ ነበር። ምኒልክ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ወር ሐረርን ይዘው ስለነበር ከዚያ በኋላ የተሻለ መሣሪያ የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቶ ነበር። ስለዚህ ለራምቦ ከጠበቀው በታች ከፈሉት፤ የሞተው ሸሪኩ ዕዳም ተቀነሰበት። ኢልግና ራምቦ ከዚህ በኋላ ለዓመታት ይጻጻፉ ነበር። ራምቦ ከሐረር ዕቃ ሲልክ ኢልግ በሸዋ ተቀብሎ ይሸጥለት ነበር።

ድልድይ፣ ቤተ መንግሥትና ውኃ

ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል። ከባሕር ዳርቻ ለሚመጡ ነጋዴዎች አዋሽ በክረምት የማይደፈር እንቅፋት ስለነበር ድልድዩ ለንግድም ለጦርም ጠቀመ። ዋና ከተማው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር በአዲሱ ቤተ መንግሥት ሥራ ተሳተፈ።

በ1890ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ሥር ያለውን ምንጭ በቧንቧ ወደ ግቢው አስገባ። ውኃው ከተራራው ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ያየው ሰው ተደነቀ። ምሥጢሩ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ነው፤ ውኃው በሸለቆው ሲያልፍ የሚያገኘው ግፊት መልሶ ያወጣዋል። ይህ የሚሆነው ግን የቧንቧው መገጣጠሚያዎች ግፊቱን ችለው ካላፈሰሱ ብቻ ነው። በጠበንጃው እንደታየው ሁሉ እዚህም የሥራው ቁም ነገር መግጠሙ ላይ ነበር።

የውጫሌ ውልና የአማካሪነት ሥራ

የውጫሌ ውል በሜይ 2 ቀን 1889 ከተፈረመ በኋላ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂዎች ልዩነት ታወቀ። አማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች በጣልያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር እንደምትችል ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። ኢልግ ሁለቱንም ዓለም የሚያውቅ ሰው ስለነበር የጣልያንን ትርጉም በመቃወሙ ሥራ ምኒልክን አገዘ።

ጉዳዩ ከጠበንጃ ንግድ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነበር። በ1890 የወጣው የብራስልስ ስምምነት ወደ አብዛኛው አፍሪካ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ገደብ ጥሎ ነበር። አንድ አገር በራሱ ስም መዋዋል ካልቻለ መሣሪያና ጥይት የሚያገኘው በሌላው በጎ ፈቃድ ይሆናል። ምኒልክ በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉ ለመንግሥታት አስታወቁ። በማርች 1 ቀን 1896 ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው ባለ ጠበንጃ ነበር።

ከድሉ በኋላ የመንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። ምኒልክ በማርች 1897 ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር በተደረጉት የድንበርና የንግድ ድርድሮች ውስጥ እጁ ነበረበት። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። በ1895 በአገሩ ፋኒ ጋቲከር የተባለችውን ሴት አግብቶ ወደ ኢትዮጵያ ይዟት ተመልሷል።

የባቡሩ ውጥን

ምኒልክ በማርች 9 ቀን 1894 የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። ፈቃዱ የ99 ዓመት ሲሆን፣ ሥራውን ሌላው የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ አብሮት ያዘ። መስመሩ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ።

ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ አስቸጋሪና ውድ ስለነበር ሐዲዱ ከሐረር በታች ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 መጨረሻ በዚያ ሜዳ ደረሰ፤ የድሬዳዋ ከተማም በዚሁ ተቆረቆረች። በዚህ ጊዜ የኩባንያው ገንዘብ አልቆ ነበር። ኩባንያው ከእንግሊዝ ባለሀብቶች ተበድሮ ስለነበር የፈረንሳይ መንግሥት መስመሩ ከእጁ እንዳይወጣ ሰጋ። በፌብሩዋሪ 1902 ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ በየዓመቱ ድጎማ ለመስጠት ተስማማ፤ በምላሹም የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ውሉ የተፈረመው ምኒልክ ሳይጠየቁ ነበር። በግዛታቸው ውስጥ ባዕድ መንግሥት ሥልጣን መያዙ አስቆጣቸው። ሥራው ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ኢልግ ያመነበት ውጥን በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የጥርጣሬ ምንጭ ሆነ።

ያልተዘረጋው የምዕራብ መስመር

ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወጣም። ወደ ነጭ ዓባይ ያለውን አገር ያን ጊዜ ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ ተሰማ ናደው ናቸው። መቀመጫቸው ጎሬ ነበር። በ1898 ጦራቸውን ይዘው ወደ ነጭ ዓባይ ዘምተዋል። ሐዲዱ ባይደርስም የምዕራቡ ንግድ በሌላ መንገድ ተከፈተ። በሜይ 15 ቀን 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። ጋምቤላ በዚህ ምክንያት በ1904 ተከፈተች።

ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ባሮ በክረምት ሲሞላ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ ከጋምቤላ በጭነት ከብትና በሰው ጫንቃ ዳገቱን ወጥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ ይገባል። የኢሉባቦር ቡና ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ቡሬ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ለሚወጣ ነጋዴ የመጀመሪያዋ የማረፊያ ከተማ ነበረች። የባቡር ፈቃዱ አንድ ሎኮሞቲቭ ይጎትተዋል ያለውን ጭነት በዚህ በኩል በቅሎዎችና ተሸካሚዎች ለብዙ ዓመታት ተሸከሙት። መቱ በኋላ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ስትሆንም ከጋምቤላ የሚመጣው መንገድ በቡሬና በጎሬ ማለፉን አልተወም።

የመጨረሻ ዓመታትና ቅርስ

ኢልግ በ1906 ከኢትዮጵያ ወጣ፤ በ1907 ከአማካሪነቱ ተሰናበተ። የባቡር ኩባንያው በዚሁ ጊዜ ግድም ከስሮ ፈረሰ። ሐዲዱን የሚቀጥል ሌላ ኩባንያ በ1908 ተቋቋመ። ኢልግ ኑሮውን በዙሪክ አድርጎ በጃንዋሪ 7 ቀን 1916 አረፈ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ምኒልክም ቀደም ብለው በ1913 ስላረፉ፣ ፈቃድ ሰጪውም ተቀባዩም ባቡሩን በከተማይቱ አላዩትም።

ኮንራድ ኬለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ምሁር በ1918 የኢልግን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። ኢልግ ከኢትዮጵያ ያሰባሰባቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ። ፎቶግራፎቹ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዓመታት ታሪክ ዋና ምስክር ከሆኑት መካከል ናቸው።

ኢልግ በብዙ ጽሑፎች ስልጣኔን ያስገባ ነጭ ተብሎ ብቻ ሲወደስ ይገኛል። ይህ አነጋገር አንጥረኛውን፣ ድንጋይ ጠራቢውንና ሥራውን ያዘዙትን ምኒልክን ይረሳል። በሌላ በኩል ጠበንጃውን እንደ ቀልድ ማለፍም ትክክል አይደለም። በሥራው የታየው እውነት ቀላል ነው፤ ጠበንጃ በአገር ቤት ሊሠራ ቢችልም ቀለህ፣ ወደብ፣ መንገድና በራስ ስም የመዋዋል መብት ከሌሉ ብዙ አያገለግልም። ኢልግ ከ25 ዓመት በላይ የደከመው እነዚህን ለማሟላት ነበር። አንዳንዱ ተሳካ፤ የምዕራቡን ሐዲድ የመሰለው ደግሞ በውል ወረቀት ላይ ቀረ።