ሜሪ ፒክፎርድ፦ እያሳቀች ቤተሰቧን ያቆመች ሴት

በዚህ እትማችን የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ዝነኛ የነበረችውን የሜሪ ፒክፎርድን ሕይወት ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እናካፍላለን። የመረጥናት ለዝናዋ ብቻ አይደለም፤ ከችግር ተነስታ ሲሞላላት የተቸገሩትን ስላልረሳች ነው።

ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1892 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ተወለደች። የልጅነት ስሟ ግላዲስ ስሚዝ ነበር። በአምስት ዓመቷ አባቷ ሞተ። እናቷ ሻርሎት ልብስ እየሰፋችና ክፍል እያከራየች ሦስት ልጆቿን ለማሳደግ ታገለች። ሜሪም በልጅነቷ መድረክ ላይ ወጥታ ቤተሰቡን መደገፍ ጀመረች።

በ1909 ወደ ፊልም ስትገባ ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ በቀን 5 ዶላር ሊከፍላት አሰበ፤ እሷ ግን 10 ጠይቃ አገኘች። በ1916 ክፍያዋ በሳምንት 10,000 ዶላር ደረሰ። በ1919 ከቻርሊ ቻፕሊን፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ኩባንያ ስትመሠርት ከአራቱ ብቸኛዋ ሴት ነበረች።

የዚያን ዘመን የፍቅር ኮሜዲ ለዛ በ1927 በሠራችው «ማይ ቤስት ገርል» በደንብ ይታያል። ሜሪ የሱቅ ሠራተኛ ናት፤ አዲስ የተቀጠረው ወጣት የባለ ሱቁ ልጅ መሆኑን ሳታውቅ ትወደዋለች። በዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ ፍቅራቸውን ዓይናቸው ይናገራል። በኋላ ለእሱ ስትል ልትለየው ትቆርጣለች፤ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ገንዘብ ወዳድ ለመምሰል ስትጥር እንባዋ ያጋልጣታል። እየሳቅን ሆዳችን ይባባል። አብሯት የተጫወተው ቻርልስ ሮጀርስ በ1937 ባሏ ሆነ።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ በ1929 በወጣው «ኮኬት» ኦስካር ብትሸለምም፣ ከ1933 በኋላ በፊልም አልተወነችም። መጠጥም በኋለኛ ዕድሜዋ ጎድቷታል። በ1979 ዐረፈች።

ከሁሉ በላይ የሚነካን ግን ሌላ ሥራዋ ነው። በ1921 ከባልደረቦቿ ጋር ሥራ ላጡና ለታመሙ የፊልም ሠራተኞች የመረዳጃ ፈንድ አቋቋመች። በ1932 ደግሞ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ግማሽ ከመቶ እንዲያዋጡ የሚያደርግ አሠራር አስጀመረች። ፈንዱ በ1942 ለአረጋውያን የፊልም ሠራተኞች መኖሪያ ከፈተ።

እኛም በየወሩ የምናዋጣት ገንዘብ አንዳንዴ ምን ልትረባ ያሰኘናል። ትንሽ ብትሆንም ሳትቋረጥ ስትጠራቀም የታመመችውን እህታችንን ታሳክማለች፣ ሥራ ያጣችውንም ታቆማለች።