ዶክተር አይዳ ስከደር፦ ለእናቶች ሴት ሐኪሞችን ያፈሩ

ለሕክምና አገልግሎት ባሕር ተሻግረው የሄዱ ክርስቲያን ሐኪሞች ብዙ ናቸው። በዚህ እትም የአይዳ ስከደርን ሕይወት የመረጥነው ወደ ሙያው የጠራቸው የወላዶች ሞት፣ ትተውት ያለፉትም የሴት ሐኪሞች ትምህርት ቤት በመሆኑ ነው። ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አይዳ በ1870 በደቡብ ህንድ ተወለዱ። አያታቸውም አባታቸውም ከአሜሪካ የሄዱ ሐኪሞችና ሚሲዮናውያን ነበሩ። እሳቸው ግን ይህን ኑሮ አልፈለጉትም። በልጅነታቸው የረሃብ ዘመን አይተዋል፤ ለትምህርት አሜሪካ ሲሄዱም ሐሳባቸው እዚያው መቅረት ነበር። በ1890 ወደ ህንድ የተመለሱት የታመሙ እናታቸውን ሊያስታምሙ ብቻ ነው።

በአንድ ሌሊት ሦስት ባሎች ተራ በተራ መጡ፤ አንዱ ብራህሚን፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ሌላ ሂንዱ። የሦስቱም ሚስቶች ምጥ ጠንቶባቸው ነበር። አይዳ ሕክምና እንደማያውቁ፣ ሐኪሙ አባታቸው እንደሆኑ አስረዱ። ወንድ ሐኪም ሚስቶቻቸውን እንዲያይ ግን ልማዳቸው አይፈቅድምና ባሎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሲነጋ ሦስቱም ሴቶች ሞተዋል። ሐኪም እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፤ የጠፋው ሴት ሐኪም ነው። ከእኛም መካከል ወንድ ሐኪም ፊት መቅረብ አሳፍሯት ሕመሟን የደበቀች አትጠፋም፤ ስለዚህ ይህን ሌሊት እንደ ሩቅ አገር ወሬ አላነበብነውም።

አይዳ አሜሪካ ተመልሰው ሕክምና ተማሩ፤ በ1899 ከኮርኔል ተመረቁ። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የኒውዮርክ ባለባንክ ለመታሰቢያዋ 10,000 ዶላር ሰጣቸው። በዚያ ገንዘብ በቬሎር ከተማ 40 አልጋ ያለው የሴቶች ሆስፒታል በ1902 ተከፈተ። ሆስፒታል መምጣት ለማይችሉም መንደር ለመንደር እየዞሩ፣ በመንገድ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ያክሙ ነበር።

የአንድ ሰው እጅ ግን የትም አያደርስም። በ1909 የነርሶች፣ በ1918 ደግሞ የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈቱ። ባለሥልጣናት በቂ ተማሪ መገኘቱን ተጠራጥረው ነበር፤ ያመለከቱት ሴቶች 151 ሆኑ! በዓመቱ መጨረሻ ለመንግሥት ፈተና የቀረቡት 14ቱም አለፉ። ከወንዶቹ ያለፈው ከአምስት አንድ ያህል ነበር።

ከባዱ ጊዜ የመጣው በ1938 ነው። መንግሥት የሕክምና ትምህርት ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ደረጃ እንዲሆን አዘዘ፤ ለዚያ የሚበቃ ሕንፃም መምህርም ገንዘብም አልነበረም። ዶክተር አይዳ በሰባኛ ዓመታቸው አካባቢ ገንዘብ ፍለጋ አሜሪካን ዞሩ። በመጨረሻ ወንዶችንም ለመቀበል ተወሰነ። ለሴቶች ብለው ያዋጡ አንዳንድ የአሜሪካ ሴቶች በዚህ ተቀየሙ፤ በየወሩ ለሴቶች ጉዳይ የምናዋጣ ሰዎች ነንና ቅያሜያቸው ይገባናል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ከሚዘጋ ውሳኔው ይሻል ነበር ብለን እናምናለን። ወንዶች በ1947 ገቡ፤ ሴቶቹም መማራቸውን አላቋረጡም።

ዶክተር አይዳ በ1946 ኃላፊነታቸውን አስረክበው፣ በ1960 በ89 ዓመታቸው እዚያው ህንድ አረፉ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ተቋሙን በዳይሬክተርነት ከመሩት መካከል ህንዳዊቷ የማኅፀን ሐኪም ዶክተር ሂልዳ ላዛረስ ነበሩ።