ሳሙኤል ሞርስ

ተማሪዎች ሆይ፣ በጅማ ከተማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ በተባለው ስፍራ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛል። በዚያ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማሩ ወጣቶች መልእክት በሳተላይት አማካይነት ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚተላለፍ ያጠናሉ። የዚህን ጥበብ ሥር ወደ ኋላ ተከትላችሁ ብትሄዱ፣ መሐንዲስ ሳይሆን ሠዓሊ ከነበረ ሰው ዘንድ ትደርሳላችሁ።

ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1791 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። የሰው መልክ በመሳል ይተዳደር ነበር። በ1825 የላፋዬትን ሥዕል ለመሥራት ዋሽንግተን ሳለ፣ ባለቤቱ በኒው ሄቨን ከተማ በድንገት ዐረፈች። በዚያ ዘመን ወሬ ከፈረስና ከመርከብ ፈጥኖ አይሄድም ነበርና፣ መርዶውን ሰምቶ ቤቱ ሲደርስ ቀብሯ ተፈጽሞ ቈየው። የመልእክትን መዘግየት መራራነት ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ ማን ነው?

በ1832 ከአውሮፓ በመርከብ ሲመለስ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ስለ ኤሌክትሪክ ተጨዋወተ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ላይ መልእክት ሊያደርስ እንደሚችል ያን ጊዜ አሰበ። ሐሳቡን ከፍጻሜ ለማድረስ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ደከመ፤ ሊዮናርድ ጌል የተባለ የኬሚስትሪ መምህርና አልፍሬድ ቬይል የተባለ ብልህ ወጣት ረዱት። በ1843 የአሜሪካ ምክር ቤት 30,000 ዶላር ፈቀደለት። በማግሥቱ ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ ከዋሽንግተን የተላከው ቃል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባልቲሞር ወዲያውኑ ተነበበ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ኋላ ሐረርንና አዲስ አበባን በስልክ ሽቦ ያገናኙት ዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ።

የሞርስ ዘዴ ምን ነበር? ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ ያልፋል ወይም ይቋረጣል፤ ሌላ ነገር የለም። ጥቂት ሲያልፍ ነጥብ፣ ረዘም ሲል ጭረት ይሆናል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አዘውትሮ ለሚገኘው ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ ተመደበችለት፤ እምብዛም የማይገኙት ረጃጅሙን ምልክት ወሰዱ። በዚህም ጊዜ ተቈጠበ።

ዛሬ በሰማይ በአንድ ስፍራ የቆመች የምትመስለው የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርሷ የሚመጣው ሞገድ እጅግ ስለሚደክም፣ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ከሁካታው ጋር በቀላሉ ይደባለቃል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሞገዱን ሳያቋርጡ አካሄዱን ያዛንፉታል፤ አንዱ አካሄድ ዜሮን፣ ሌላው አንድን ያመለክታል። አራት ዓይነት አካሄድ ሲሰጡት ደግሞ ሁለት አኀዝ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ፣ ብዙውን ነገር በጥቂት ምልክት የመናገር ሐሳብ ያው ነው።

ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1872 በኒው ዮርክ ዐረፈ። እናንተም የሩቅ ዘመድ ድምፅ በቅጽበት ሲደርሳችሁ፣ መርዶ ዘግይቶበት ያዘነውን ይህን ሰው አስቡት።