ዶክተር ዴኒስ በርኪት እና የመንጋጋው ዕጢ

ዴኒስ በርኪት በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰሜን አየርላንድ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው በድንጋይ ተመትተው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ደብሊን ተምረው ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ኋላም ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ሠሩ።

በ1957 መንጋጋው ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ያበጠ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያዩ ተጠሩ። ኢንፌክሽን እንዳይባል፣ አራቱም ቦታ እንዴት አንዴ ያብጣል? ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ሆስፒታል በመስኮት ሲያዩ ሌላ ልጅ፣ ያው እብጠት! ሆዷ ውስጥም ዕጢ ነበር። መዝገብ ሲያገላብጡ በየክፍሉ ለየብቻ ይታዩ የነበሩት የመንጋጋና የሆድ ዕጢዎች አንድ በሽታ ሆነው አገኟቸው።

በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ፤ በየሆስፒታሉ ፎቶግራፍ እያሳዩ እንዲህ ያለ ልጅ ታውቃላችሁ ወይ እያሉ ጠየቁ። በሽታው የወባ አገር የሆነውን ሞቃትና ዝናባማ ቆላ ይከተላል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ከ1500 ሜትር በላይ እምብዛም የለም። ከዕጢው ናሙና ውስጥ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የተገኘው በ1964 ነው።

እኛ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከ2000 ሜትር በላይ ነን፤ ታዲያ ምን አገባን? ከቆላ የመጣ ልጅ ጥርሱ ተነቃነቀ ተብሎ እኛው ጋ ሊቀርብ ይችላላ! አገሩን ሳይጠይቁ ጥርሱን ነቅሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ዕጢው ግን በቀናት ውስጥ ያድጋል። ናሙናው በጊዜ ፓቶሎጂ ከደረሰ ደግሞ በመድኃኒት ቶሎ ከሚሟሽሹት ነቀርሳዎች አንዱ ነው። በርኪት ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆነው ሳለ ቢላዋቸውን አስቀምጠው መድኃኒቱን ይሰጡ ነበር።

ኋላ አሰር ስላለው ምግብ ሲያስተምሩ ኖረው በ1993 አረፉ።