የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የመዘገቡት አባ ፒየር ጉዋን

ቢዮ አዋሌ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። አስተዳደሩ የሚገኘው በሐረር ደጋማ ስፍራዎችና በአፋር ዝቅተኛ ቦታ መካከል፣ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። በዚህ ስፍራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከመገንባቱ በፊት፣ ምድሩ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል መታወቅ ይኖርበታል። ለዚህ ጥያቄ በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ መልስ ያዘጋጁት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው።

አባ ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን መሠረቱ። ጣቢያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነበር። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀዳሚ ሥራው የመግነጢስ ልኬት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገባም ተጨመረለት።

እ.ኤ.አ በ1961 ማጀቴን ያወደመውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው፣ በ1969 ደግሞ ሰርዶን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ የምርምሩን አስፈላጊነት አጉልተው አሳዩ። ሆኖም የመሣሪያ መዝገብ ዕድሜው ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለነበር፣ አባ ጉዋን ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻዎች መረመሩ። ከ1400 ጀምሮ ያለውን ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ በ1979 ታተመ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎም የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በቀጣና የከፈለ ጥናት አውጥተው ነበር።

የአሠራሩ ብርታትም ድክመትም ከመዝገቡ ይመነጫል። ጸሐፊ በነበረበት ስፍራ የተከሰተው መንቀጥቀጥ ሲታወቅ፣ አርብቶ አደሮች ብቻ በኖሩበት ቆላ የደረሰው ሳይጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ በካርታ ላይ ጸጥ ያለ መስሎ የሚታይ ስፍራ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ ስጋቱን በ100 ዓመት ድግግሞሽ ሲያሰላ፣ የ2015ቱ ደረጃ ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ በርካታ ሺህ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ስለሆነም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡና ሥራውን የሚቆጣጠሩ አካላት ደንቡን በገጠር ቀበሌም ጭምር ተግባራዊ ሲያደርጉ፣ የአባ ጉዋን ልፋት ከመጽሐፍ ወጥቶ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ይሆናል።